ጠባቂው ሞቶ ሞተሩ ይሠራ ነበር

ጳጉሜን 2 ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዓለም ገና ካለ አንድ ወፍጮ ቤት ተደወለልኝ። የእንቁጣጣሽ ሳምንት ነው፤ ጤፉም በርበሬውም ሽሮውም በአንድ ጊዜ ወደ ወፍጮ የሚጎርፍበት። ባለቤቱ ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ «ልጄ፣ ያ ያስገባህልኝ ዕቃ አላዳነውም። ሞተሩ ተቃጠለ» አሉኝ። ከኋላቸው የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። ወረፋ የያዘው ሰው እህሉን መልሶ እየተሸከመ ነበር።

«ዕቃ» ያሉት ከአራት ወር በፊት በገዛ እጄ ያሰርኩትን የኤሌክትሮኒክ የሞተር መጠበቂያ ሪሌይ ነው፤ ሞተሩ የሚስበውን ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) እየለካ ብልሽት ሲያይ እንዲቆም የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ። ከዚያ በፊት ሞተሩ አንድ ጊዜ ተቃጥሎባቸው፣ ለጥቅለላ (የተቃጠለውን የሞተር ሽቦ አውጥቶ በአዲስ ለመጠቅለል) ብዙ ገንዘብ አውጥተው፣ «ሁለተኛ እንዳይደርስብኝ የሚያስፈልገውን ሁሉ አድርግ» ብለው አደራ የሰጡት ለእኔ ነው። ከጀሞ ታክሲ ይዤ እስክደርስ ድረስ ዕቃውንም፣ የሸጠልኝን ነጋዴም፣ የሠራውን ፋብሪካም ስረግም ሄድኩ። ሳጥኑን ከፍቼ አሥር ደቂቃ ካየሁ በኋላ ግን እርግማኑ ወደ ራሴ ተመለሰ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በከተማው ዳር ዳር እየዞሩ ለወፍጮ ቤት፣ ለብሎኬት ማምረቻና ለጉድጓድ ውሃ ፓምፕ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ለሚያስሩ ባለሙያዎች ነው። በተለይ ከድሮው ሜካኒካል ኦቨርሎድ (ሞተር ከልክ በላይ ሲስብ በሙቀት ከሚቆርጠው መጠበቂያ) ወደ ኤሌክትሮኒኩ እየተሸጋገራችሁ ያላችሁ፣ እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ከፊታችሁ አለ።

ሞተሩ 15 ኪሎ ዋት ነው፤ በእኛ አነጋገር ሃያ የፈረስ ጉልበት። በስታር ተነሥቶ በዴልታ የሚሠራ (ሁለቱ የሞተሩ ሦስት የጥቅል ቡድኖች እርስ በርስ የሚያያዙባቸው መንገዶች ናቸው)፣ በ380 ቮልት 30 አምፔር ገደማ የሚስብ፣ በየወፍጮ ቤቱ የምናየው ዓይነት። ጥቅለላ ቤት ወስደን ክዳኑ ሲነሣ ከሦስቱ የጥቅል ቡድኖች አንዱ ከሰል መስሏል፤ የሁለቱ ቫርኒሽ ግን ቀለሙን እንኳ አልለወጠም። ጠቅላዩ አንድ ጊዜ አየት አደረገና «ፌዝ ጎድሎበት ነው» አለ፤ ኃይል ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች አንዱ ጠፍቶ ማለት ነው። ትክክል ነው። በዴልታ የሚሠራ ሞተር አንድ ፌዝ ሲጎድልበት አንዱ ቡድን ብቻ ነው የሚነደው። ስታር ሆኖ የሚሠራ ቢሆን ሁለቱ ነድደው አንዱ ይተርፍ ነበር። በጭነት ብዛት የሞተ ሞተር ደግሞ ሦስቱንም እኩል ያጠቁራል። የተቃጠለ ሞተር ወደ ጥቅለላ ከመላካችሁ በፊት ይህን ሳታዩ አትለፉ፤ ሽቦው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ማስረጃው የለም።

ወደ ሳጥኑ ስመለስ የጎደለውን ፌዝ አገኘሁት። የሦስተኛው ፊውዝ መያዣ ከንፈሩ ላልቶ፣ ከሙቀት ብዛት መዳቡ ሰማያዊ ሆኖ፣ ፊውዙ ተበጥሷል። የኮንታክተሮቹ (ሞተሩን የሚያበሩና የሚያጠፉ ትልልቅ ማብሪያዎች) ኮይል፣ ማለትም የሚስባቸው የማግኔት ጥቅል፣ በአንደኛው ፌዝና በኒውትራል (በመመለሻው መስመር) ስለሚሠራ የሦስተኛው መጥፋት አልተሰማቸውም። ሞተሩም አልቆመም። እየዞረ ያለ ሞተር አንድ ፌዝ ሲያጣ በቀሩት ሁለት መስመሮች የሚሄደው ከረንት ወደ 1.73 እጥፍ ያድጋል፣ ፍጥነቱ ትንሽ ይወርዳል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ግን ይዞራል። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ «ድምፁ ሲወፍር ድንጋዩ የጠበቀ መስሎኝ አላላሁት» አለኝ። ምስኪን፣ የሚያውቀውን አደረገ።

እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ሞተሩን እንዲያቆም ነበር መጠበቂያው የተገዛው። መጠበቂያው ግን ጨለማ ነበር። አምፔር የሚያሳየው ቁጥር የለም፣ አረንጓዴዋ መብራትም የለችም። ኃይል የምትሰጠው ቀጭን ሽቦ ኤ1 ከሚባለው የኃይል መግቢያ ቀዳዳ ወጥታ ከብሎኑ ጎን ተንጠልጥላለች። ብዙ ክር ያላት ለስላሳ ሽቦ ናት፤ ጫፏን በቆብ (ክሮቹን በምትሰበስብ ትንሽ የብረት ቱቦ) ሳልጨምቅ ገልጬ ብቻ ነው ያሰርኳት። ወፍጮ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱን ጠየቅኋቸው። «ቁጥሯ ከጠፋች ሁለት ሳምንት ይሆናታል። ሞተሩ ይሠራ ስለነበር ምን ቸገረኝ አልኩ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወፍጮው ያለ ጠባቂ ሲፈጭ ከርሟል ማለት ነው። የሽቦዋ መውለቅ የእኔ ስንፍና ነው፤ ይህን አልክድም። የባሰው ግን ሽቦዋ ስትወልቅ ሞተሩ አብሮ እንዲቆም አድርጌ አለማሰሬ ነው።

ነገሩ ያለው የሪሌዩ ኮንታክት (መስመር የምታገናኝና የምትቆርጥ መገናኛ) ላይ ነው። የመጠበቂያ ሪሌይ በራሱ ሞተር አያቆምም። ይለካል፣ ያስባል፣ በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ኮንታክት ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ያቺ ኮንታክት የኮንታክተሩን ኮይል መስመር ስትቆርጥ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ሞተሩም ይቆማል። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠር ብር የወጣበት ዕቃ ዋጋው የሚወሰነው ሁለት ሽቦ በየትኛው ብሎን ሥር እንደገባ ነው።

በአብዛኞቹ ሪሌዮች ላይ 11፣ 12 እና 14 የሚሉ ሦስት ብሎኖች አሉ። 11 የጋራው ነው። ሪሌዩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮይል ኃይል ሳታገኝ ከ11 ወደ 12 የተዘጋ፣ ከ11 ወደ 14 የተከፈተ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ 15፣ 16፣ 18 ተብሎ ይጻፋል፤ 16 እንደ 12፣ 18 እንደ 14 ነው። በዕቃው ጎን ያለው ሥዕል የሚያሳየው ዕቃው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ያለውን ሁኔታ ነው። ሞተራችሁ «በደህና ጊዜ» የሚገኝበትን ሁኔታ አይደለም። ረዳቶቼን ሳስተምር ብዙ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቋንቋችንም ያግዛቸዋል። በቤታችን «ቴሌቪዥኑን ክፈተው» ስንል እንዲሠራ ነው፣ «ዝጋው» ስንል እንዲጠፋ። ኮንታክት ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ የተዘጋ ኮንታክት ያሳልፋል፣ የተከፈተ ይቆርጣል። አንድ ረዳቴ ይህን ለመያዝ አንድ ወር ፈጅቶበታል። አሁን «ድልድይ ተዘርግቷል፣ ድልድይ ተነሥቷል» እያልኩ ነው የማስተምረው።

እኔ ያደግሁት በሜካኒካሉ ኦቨርሎድ ነው። እሱ ላይ 95 እና 96 ተዘግተው ይቆያሉ፤ ውስጡ ያለው ጥንድ ብረት ግሎ ሲታጠፍ ይከፈታሉ። 97 እና 98 ደግሞ ተከፍተው ይቆዩና ሲቆርጥ ይዘጋሉ፤ ለመብራት ናቸው። የኮይሉን መስመር በ95 እና 96 ማሳለፍ ትክክል ነው፤ ያ ዕቃ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው ከረንት ሙቀት ስለሆነ የተለየ ኃይል አይፈልግም። ኃይል የማይፈልግ ነገር ኃይል አጥቶ አይሞትም። ኤሌክትሮኒኩ ግን በልቶ አዳሪ ነው፤ ኤ1 እና ኤ2 ላይ 220 ቮልት ካላገኘ ዓይንም እጅም የለውም።

እኔ ያን ልማድ ይዤ ነው ወደ ኤሌክትሮኒኩ የሄድኩት። ለ95 እና 96 ምትክ የሚሆን፣ ደህና ሲሆን የተዘጋ፣ ሲቆርጥ የሚከፈት ኮንታክት ፈለግሁ። በዕቃው ጎን ሁለት ምርጫ ያላት ትንሽ ማንሸራተቻ አለች። በአንደኛው ምርጫ የውስጧ ኮይል ብልሽት ሲመጣ ብቻ ትስባለች። በሁለተኛው ኮይሏ ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ስባ ትቆያለች፣ ብልሽት ሲመጣ ትለቃለች። ዕቃው ከካርቶኑ ሲወጣ በአንደኛው ላይ ነበር። በዚያ ምርጫ 11 እና 12 ልክ እንደ 95 እና 96 ይሆናሉ፤ ደስ ብሎኝ እዚያ አሰርኩ። የመሞከሪያውን ቁልፍ ስጫን ሞተሩ ቆመ። አንድ ፊውዝ ነቅዬ ለማስነሣት ስሞክርም ወዲያው ቆረጠ። ባለቤቱ አጨበጨቡ፣ ቡና ተጠጣ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። የሪሌዩን የራሱን ኃይል ነቅዬ ሞተሩ ምን እንደሚሆን ግን አላየሁም። ብነቅለው ኖሮ 11 እና 12 ተዘግተው ይቀሩ ነበር፤ ሞተሩም ምንም እንዳልሆነ ይዞር ነበር። የሆነውም ይኸው ነው።

ሞተሩ ከጥቅለላ ሲመለስ ሁሉንም አፍርሼ እንደገና አሰርኩ። ማንሸራተቻዋን ወደ ሁለተኛው ምርጫ ወሰድኳት። ከአንደኛው ፌዝ የሚመጣው የመቆጣጠሪያ መስመር በመጀመሪያ በራሱ ፊውዝ፣ ቀጥሎ በማቆሚያው ቀይ ቁልፍ አልፎ ወደ 11 ይገባል። ከ14 ወጥቶ ወደ ማስነሻው አረንጓዴ ቁልፍ ይሄዳል፤ ከቁልፉ ጎን፣ ጣት ሲነሣ መስመሩን ይዞ የሚያቆይ የኮንታክተሩ 13 እና 14 መያዣ ኮንታክት አለ (የኮንታክተሩ 14 ከሪሌዩ 14 ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ እኔ በሽቦው ላይ ቁጥር የምለጥፈው ለዚህ ነው)። ከዚያ ወደ ስታርና ዴልታ ኮንታክተሮች ይቀጥላል። አሁን ሪሌዩ ቢቆርጥ፣ ኃይል ቢያጣ፣ ሽቦው ቢወልቅ፣ ውስጡ ቢቃጠል፣ በሁሉም 14 ይከፈታል፣ ሞተሩም ይቆማል።

12 ደግሞ ባዶ አልቀረም። ከእሱ ወደ ቀይ መብራት አንድ ሽቦ ወሰድኩ። 11 ወደ 14 ካልሄደ ወደ 12 ይሄዳልና፣ ሪሌዩ ሲቆርጥም ሲሞትም ቀይዋ ትበራለች። ይህ እንዲሆን ግን 11ን የሚመግበው ፊውዝና የሪሌዩን ኤ1 የሚመግበው ፊውዝ መለያየት አለባቸው። አንድ ፊውዝ ሁለቱንም ቢመግብ፣ ፊውዙ ሲበጠስ ሞተሩ በእርግጥ ይቆማል፣ ነገር ግን መብራቷም አብራ ትጨልማለች፤ ባለቤቱም «መብራት ጠፋ» ብለው ቁጭ ይላሉ። የአንድ ፊውዝ መያዣ ዋጋ አይቆጨኝም።

እዚህ ላይ አንድ የማልወደውን አሠራር ላንሣ። ኮንታክቷን በፌዙ በኩል ሳይሆን ከኮይሉ በኋላ በኒውትራል በኩል የሚያስሩ ብዙ ናቸው። ሳጥኑ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። በኮይሉና በኮንታክቷ መካከል ያለው ሽቦ ግን አንድ ቦታ ተልጦ የሳጥኑን ብረት ከነካ፣ ኮይሉ ኒውትራሉን በመሬት በኩል ያገኝና ኮንታክቷ ብትከፈትም ኮንታክተሩ አይለቅም። ፊውዙም ላይቆርጥ ይችላል። የማቆሚያ ቁልፉ ከሳጥኑ ርቆ ግድግዳ ላይ ባለበት ወፍጮ ቤት ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። ኮይሉ ኤ2ን ይዞ በቀጥታ ከኒውትራል ይገናኝ፤ የሚቆርጠው ሁሉ በፌዙ በኩል ይሁን።

በገላን በኩል ያለ አንድ ድንጋይ መፍጫ ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሮኛል። እዚያ ሽቦው በትክክለኛው ብሎን ላይ ነበር፤ ሪሌዩም ብልሽቱን አይቶ «ቆርጫለሁ» የሚል መብራት አብርቷል። ትልቁ ኮንታክተር ግን አልለቀቀም። ሪሌዩን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብዬ መታ ሳደርገው ጠቅ አለና ሞተሩ ቆመ። ኮንታክቷ ተበይዳ ነበር። ሪሌዩ ላይ «5 አምፔር 250 ቮልት» ተብሎ ተጽፏል፤ ያ ቁጥር እንደ ማሞቂያ ላለ ጭነት ነው። ለኮይል የሚሠራው ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ኤሲ-15 በሚለው መስመር ላይ ያለው ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ያንሳል። የትልቅ ኮንታክተር ኮይል ሲስብ የሚወስደው ከሳበ በኋላ ከሚወስደው ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እዚያ ቦታ ሞተሩ የሚነሣው በቁልፍ ሳይሆን እንዳዞሩት በሚቀር ማዞሪያ ስለነበር፣ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ያን ሁሉ የምትሸከመው ያቺ ሚስኪን ኮንታክት ነበረች።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመጠበቂያው ኮንታክት አንዲት ትንሽ አማላጅ ሪሌይ ብቻ ያንቀሳቅስ፤ ትልቁን ኮይል አማላጇ ትሸከም። አማላጇም ደህና በሆነ ጊዜ ስባ እንድትቆይ ሆና ትታሰር፤ አለዚያ አንዱን ስሕተት አውጥተን ሌላውን ማስገባት ነው። በትልቁ ኮይል ኤ1 እና ኤ2 ላይ 100 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ያለበትን ማፈኛ አድርጉ፤ ኮይሉ ሲለቅ የሚወረውረውን ብልጭታ ይበላል። ማፈኛውን በኮንታክቷ ላይ የሚያስሩ አሉ፤ አልመክርም። በ220 ቮልት 50 ኸርዝ በዚያ ካፓሲተር 7 ሚሊአምፔር ገደማ ሾልኮ ያልፋል። ለትልቅ ኮንታክተር ምንም አይደለም፤ ትንሽ ሪሌይን ግን ኮንታክቷ ተከፍታም ሳትለቅ ሊያስቀራት ይበቃል።

የሪሴት፣ ማለትም ሪሌዩ ከቆረጠ በኋላ ወደ ሥራ የመመለሱ ነገርም አለ። ብዙዎቹ መጠበቂያዎች በእጅ ወይም በራሳቸው እንዲመለሱ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። በማስነሻ ቁልፍና በመያዣ ኮንታክት ለሚሠራ ሞተር በራሱ መመለሱ ብዙም አያሰጋም፤ ኮንታክቷ ብትዘጋም ሰው ቁልፉን ካልተጫነ ሞተሩ አይነሣም። በተንሳፋፊ (የውሃውን ከፍታ ተከትሎ በሚያበራና በሚያጠፋ) ወይም በማዞሪያ ለሚሠራው ግን ሌላ ነው። ሱሉልታ አንድ ግቢ ውስጥ ቆሞ የቀረ የውሃ ፓምፕ ለማየት ተጠርቼ፣ የማጣመሪያውን መሸፈኛ ፈትቼ እጄን ወደ ውስጥ ልሰድ ስል ስልኬ ጠራ። ስልኩን ላነሣ ቀና ባልኩበት ፓምፑ ብድግ አለ። ኦቨርሎዱ ቀዝቅዞ ራሱን መለሰ፤ ተንሳፋፊው ደግሞ ውሃ ይፈልግ ነበር። ደዋዩ ማን እንደነበር አሁንም አስታውሳለሁ፤ ዕዳ የምጠይቀው ሰው ነበር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙም አልጨቀጨቅሁትም። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ አልቆለፍኩም ነበር። አሁን ቁልፍ በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው፤ የእንደዚህ ዓይነቱን ፓምፕ መጠበቂያም በእጅ ወደሚመለሰው አደርገዋለሁ።

«ለምን ርካሿን ፌዝ የምትጠብቅ ሪሌይ አላስገባህላቸውም?» የሚል ይኖራል። ቮልቴጅ ብቻ የምታየዋ ሪሌይ ሞተሩ ሳይነሣ ፌዝ ከጎደለ በደንብ ታያለች። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ፌዝ ሲጠፋ ግን ሞተሩ ራሱ የጎደለውን ቮልቴጅ እያመነጨ ይመልሰዋል፤ ጭነቱ ቀላል ከሆነ ቮልቴጁ ከሞላ ጎደል ሙሉ ሊመስል ይችላል። ሪሌይዋ ልዩነቱን እንድታይ የሚያደርገው ማስተካከያ ካላት ወደ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። ቦታዋም ከፊውዞቹ በኋላ ከኮንታክተሩ በፊት ነው። ከፊውዞቹ በፊት ከሆነች የተበጠሰ ፊውዝ አታይም፤ ከኮንታክተሩ በኋላ ከሆነች ደግሞ ሞተሩ ካልተነሣ ቮልቴጅ አታገኝም፣ እሷ ቮልቴጅ ካላገኘች ሞተሩ አይነሣም። ይህን የመጨረሻውን አስሮ ግማሽ ቀን የተቸገረ ወዳጅ አለኝ፤ ስሙን አልጠቅስም፣ ያውቀዋል። ከረንት የሚለካ መጠበቂያ የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ የጠፋ ፌዝ ከረንት አይዋሽም።

የአምፔሩን ነገር ደግሞ የመጀመሪያው ቃጠሎ ነው የሚያስረዳው። ያኔ ጥቅለላ ቤቱ ሦስቱም ቡድን እኩል ጠቁሮ ነው ያገኘው። የነበረው ኦቨርሎድ በስም ሰሌዳው እንደተጻፈው 30 አምፔር ላይ ተሞልቷል፤ የታሰረው ግን ከዴልታው ውስጥ፣ ወደ ጥቅሉ በሚገባው ሽቦ ላይ ነበር። በዚያ ቦታ የሚያልፈው የመስመሩ 0.58 ብቻ ነው፤ ለ30 አምፔር ሞተር 17.4 አምፔር ማለት ነው። በ30 የተሞላው ኦቨርሎድ ሞተሩ እስኪነድድ ድረስ ዝም ብሎ አየው። በዚህ ላይ ሞተሮች በአጠቃላይ የሚሠሩት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ላለ ከፍታ ታስበው ነው፤ እኛ ያለነው ከ2000 በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላው አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ካለው ቁጥር በላይ «ትንሽ ልጨምርለት» የሚል ነገር እኔ ዘንድ የለም። ክላምፕ ሜትር (ሽቦ ሳይቆረጥ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ይዤ ወፍጮው ጤፍ እየፈጨ ለካሁ፤ 26 አምፔር ነበር። የሪሌዩን ማስተካከያ በመስመሩ 28 በሚያህለው ላይ፣ ማለትም በውስጠኛው ሽቦ 16 ላይ አደረግሁት።

አሁን ሥራ ጨርሼ ሳጥን ከመዝጋቴ በፊት የማደርገው ይህ ነው። በመጀመሪያ የመሞከሪያውን ቁልፍ እጫናለሁ፤ ይህን ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ቀጥሎ ዋናውን አጥፍቼ፣ ቆልፌ፣ ቴስተሩን ኃይል እንዳለው በማውቀው ቦታ ፈትሼ፣ መጥፋቱን በሳጥኑ ውስጥ አረጋግጬ፣ ኮይሉን ከማይመግቡት ፌዞች የአንዱን ፊውዝ አወጣለሁ። መልሼ ሳበራ ኮንታክተሩ ስቦ ወዲያው መልቀቅ፣ ወይም ጨርሶ አለመሳብ አለበት። የመጨረሻው ጳጉሜን ያስተማረኝ ነው፦ ሞተሩ ያለ ጭነት እየዞረ ሳለ የሪሌዩን የራሱን ፊውዝ መያዣ እከፍታለሁ። ሞተሩ መቆም፣ ቀይዋም መብራት አለባት። ካልቆመ ሳጥኑ አይዘጋም። በመጨረሻ የእያንዳንዱን ቀጭን ሽቦ ጫፍ በቆብ ጨምቄ፣ ብሎኑን አጥብቄ፣ ሽቦውን በጣቴ ሳብ አደርጋለሁ፤ ወፍጮ ቤት ከሆነ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሼ እንደገና አጠብቃለሁ። የሳጥኑም ክዳን ይገጠም። የዱቄት ብናኝ በኮንታክተር ማግኔት መካከል ሲጋገር ኮንታክተሩ እንደ ንብ መጮህ ይጀምራል፤ ተከፍቶ በቀረ ሳጥን ውስጥ ብልጭታና የዱቄት ብናኝ መገናኘታቸው ራሱ አደጋ ነው።

ለሁለተኛው ጥቅለላ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ግማሹን እንክፈል ብለው ነበር፤ እምቢ አልኩ። በጥር ወር አንድ ማለዳ ደወሉ። «ልጄ፣ ቀይዋ በርታለች። ልጁን እንዳያስነሣ ከልክዬው ወረፋውን አስቁሜያለሁ» አሉኝ። ስደርስ የሪሌዩ ትንሽ የመስታወት ፊውዝ ተበጥሳ ነበር። ቀይሬ፣ ሞክሬ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወፍጮው ተነሣ። የታክሲዬን ብቻ ተቀብዬ ልወጣ ስል ሁለት ኪሎ በሶ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። ተራቸው የደረሰ እናት ቁናቸውን እያስጠጉ ወደ ሳጥኑ ቀና አሉና «ያቺ ቀይዋ በርበሬ ሲፈጭ ናት የምትበራው?» ብለው ጠየቁኝ።